ከዚራ አካባቢ ያለው የሴት ልጆች ቴኒስ ስልጠና፣ ልጄን አስገብቼ ያየሁት

አቦ የድሬ ወላጆች ሴት ልጅ ቴኒስ የት ትማር እያላችሁ ለምትጠይቁኝ በአንዴ ልንገራችሁ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ እዚህ ከገባች አራተኛ ወሯን ይዛለች፣ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረው ፀሐዩ ሳይከር 2 ሰዓት ላይ ይጨርሳሉ።

በፊት ሌላ ቦታ ነበረች፣ ስሙ ይቅር፣ እዛ ሜዳው ለሴቶቹ የሚለቀቀው ወንዶቹ ሲጠግቡ ነው፣ የድሬን የ5 ሰዓት ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ስትለቅም ነው የምታረፍደው። አንድ ቀን «ማሚ እኔ ለቃሚ ነኝ እንዴ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው፣ በነጋታው አስወጣኋት።

እዚህ ግን የመጀመሪያ ቀን አሰልጣኟ ደብተር አውጥታ ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ አንድ ብር ሳንቲም ሰጠችና አስፈረመቻቸው። ምንድነው ስላት የግላዲስ ሄልድማንን ታሪክ ነገረችኝ። ወርልድ ቴኒስ የሚባለውን መጽሔት በ1953 የመሰረተች አሜሪካዊት ናት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ በ1970 ሎስ አንጀለስ ውድድር ላይ ለወንድ አሸናፊ 12,500 ዶላር ለሴቷ 1,500 ሲባል ተጫዋቾቹ ወደሷ ሄዱ፣ እሷም ሂውስተን ላይ ለብቻቸው ውድድር አዘጋጀችላቸው፣ የአሜሪካ ቴኒስ ፌዴሬሽን እንቀጣለን እያለ እየዛተ 9 ሴቶች በአንድ አንድ ዶላር ኮንትራት ፈረሙላት፣ ታዋቂዋ ተጫዋች ቢሊ ጂን ኪንግ አለችበት፣ የገዛ ልጇ ጁሊም አለችበት። እኔን የነካኝ ይሄ ነው፣ እናት ሆና የልጇንም እጣ እዛው ውስጥ ከተተችው። ስፖንሰሩ ቨርጂኒያ ስሊምስ ሲጋራ መሆኑን አልወደድኩትም ግን ብሩን ለምና ያመጣችው እሷ ናት፣ በዓመቱ የሴቶች ብቻ የሆነ ሙሉ የውድድር ዙር ተጀምሮ ኪንግ በ1971 ብቻ ከ100,000 ዶላር በላይ አገኘች።

ልጄ ሳንቲሟን እስካሁን አላጠፋችውም።

ስልጠናው ራሱ ጎበዝ ነው። ራኬት ለሌላት ያውሳሉ፣ የልጄ እጀታው ተልጦ መዳፏን ሲልጣት አሰልጣኟ ቁጭ ብላ በፕላስተር ጠቅልላ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስይዛታለች፣ ሰርቭ (ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) ላይም ትከሻዋን እየነካች ነው የምታሳያት። ሜዳውን ሰዓት ለማስከበር ስትከራከርም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወንዶች ቀድመው ገብተው ነበር አስወጣቻቸው።

የማይመቸው ለወላጅ ጥላ የለም፣ ኳሶቹም አርጅተዋል። በወር 700 ብር ነው፣ ከሳቢያን የምትመጡ ባጃጅ ከማታ ቀጥሩ፣ ውሃ ደሞ ከቤት ያዙላቸው።