«ጭረቱን በአንድ ሰዓት እናጠፋዋለን» ለሚሏችሁ መኪናችሁን አትስጡ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ ያላችሁ ባለ መኪኖች፣ ይህን ሳታነቡ መኪናችሁን ለፖሊሽ እንዳታስገቡ። በተለይ የጥር ሠርግ ሲቃረብ። መኪና ያለው ሁሉ ለሙሽራ አጀብ ይፈለጋል። ባለ መኪናውም መኪናው አምራ እንድትታይለት ይፈልጋል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ላቫጆ በር ላይ ቆመው «ሙሉ ፖሊሽ፣ ጭረት ማጥፋትን ጨምሮ፣ በአንድ ሰዓት» ይላሉ። ከቀለም ቤት ዋጋ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። የሚያስከትለው ጉዳት ግን ርካሽ አይደለም።

ያበላሹት የእህቴን መኪና ነው። ጥቁር ቪትዝ ናት። ችግሯ ቀላል ነበር። በሩ እጀታ ሥር የጥፍርና የቀለበት ጭረት አለ። ኮፈኑ ላይ ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ የሚታዩ፣ ክብ ክብ የሠሩ ቀጫጭን መስመሮች። ባሕር ዳር ለጉዳይ መጥታ መኪናዋን ልታሳጥብ ስትቆም ልጆቹ ከበቧት። «እትዬ፣ ይቺማ ምንም አይደለች። ቡናዎን ጠጥተው እስኪመለሱ አዲስ እናደርግልዎታለን» አሏት። ስትመለስ መኪናዋ ታበራለች። አንድም ጭረት አይታይም። 3,000 ብር ከፍላ፣ መርቃቸው ሄደች።

ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበች በኋላ ጭረቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ይህ ብቻ ቢሆን የገንዘብ ነገር ነው፣ ይረሳል። የሚያንገበግበው ሌላው ነው። የኮፈኑ የፊት ጠርዝ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ደብዝዞ አመድማ ሆነ። ቢታጠብ አይለቅ፣ ሰም ቢቀባ አያበራ። ተመልሳ ስትጠይቃቸው «ድሮም የተቀባች መኪና ናት» አሉ። ደረሰኝ አልሰጧትም ነበርና የምታሳየው ነገር አልነበራትም። በኋላ ያየው የቀለም ባለሙያ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰና «ክሊሩ፣ ከላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ አልቋል። ከእንግዲህ ፖሊሽ አይመልሰውም፤ ኮፈኑ እንደ አዲስ መቀባት አለበት» አላት።

ባለሙያው እውነቱን ነው። ለምን እንደሆነ እያንዳንዱ ባለ መኪና ሊያውቀው ይገባል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

የፋብሪካ ቀለም አንድ ንብርብር ብቻ አይደለም። ብረቱ ላይ መጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ። ከዚያ ቀለሙን የሚያስይዝ ፕራይመር። ከዚያ መልክ የሚሰጠው ቀለም። ከሁሉም በላይ ክሊር የሚባለው፣ ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን ይደረባል። ሁሉም ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ናቸው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል ማለት ነው። ቀለሙን ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀው ይህ ስስ ነገር ነው። የእኛ አገር ደግሞ ከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር ጨረሩም ይበረታል። ክሊሩ የሳሳ መኪና እንዲህ ባለ ቦታ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲውል ቶሎ ይነጣል፣ ከዚያም ይላጣል።

ቀላል ጭረት የምንለው ክሊሩን ሳያልፍ የቀረውን ነው። እሱን በእውነት የሚያጠፋ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር በስሱ ፍቆ ከጭረቱ ሥር ጋር ማስተካከል። ከፖሊሽ ጠንከር በሚለው ኮምፓውንድም ሆነ በፖሊሹ ውስጥ ደቃቅ መፋቂያ የሚኖረው ለዚህ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ፖሊሽ ሁልጊዜ ከክሊሩ ትንሽ ይወስዳል። የተወሰደው አይመለስም። በየበዓሉና በየሠርጉ የሚያስፖልሽ ሰው መኪናውን የተንከባከበ ይመስለዋል። እያሳሳት ነው።

ከላቫጆ በር ላይ የሚሸጥላችሁ ግን ከሁለት አንዱ ነው።

አንደኛው ሽፍንፍን ነው። ዘይት፣ ሲሊኮን ወይም ሰም የበዛበት ፈሳሽ ይቀባሉ። ጭረት ለዓይን የሚታየው ጠርዞቹ ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። ክፍተቱ በቅባት ሲሞላ ብርሃኑ አይበተንም፤ ጭረቱም ይሰወራል። ሳሙናና ዝናብ ቅባቱን ሲያነሳው ጭረቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። በትንሽ ጠርሙስ «ጭረት ማጥፊያ» እያሉ መናኸሪያና ነዳጅ ማደያ አካባቢ የሚያዞሩትንም በዚህ ዓይን እዩት። ቀብተው፣ ወልውለው፣ «ይኸው ጠፋ» ይላሉ። ወዲያው በሳሙና አጥበው ሲያሳዩ ግን አይቼ አላውቅም። እንዲያጥቡት ጠይቋቸው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ማቃጠል። ጊዜ ለመቆጠብ ሸካራ ኮምፓውንድ ይዘው፣ የሚሽከረከር ማሽን አንድ ቦታ ላይ ጭነው ይቆያሉ። ፍትጊያው ሙቀት ይፈጥራል። ክሊሩ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ተፍቆ ያልቃል። ጠርዝና መታጠፊያ ላይ ደግሞ ቀለሙ ከሌላው ቦታ የሳሳ ነው፤ የማሽኑም ጫና እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። የእህቴ ኮፈን በጠርዙ በኩል የሄደው ለዚህ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ ማሽን ከማንሳቱ በፊት ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍናል።

ማሽኑንም ራሱን ተመልከቱ። ለፖሊሽ የተሠራ ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ፍጥነቱም ይስተካከላል። ብረት የሚቆረጥበት ትንሹ ግራይንደር ግን በደቂቃ 10,000 ዙርና ከዚያ በላይ ነው። ግራይንደር ላይ ስፖንጅ አስሮ የሚመጣ ሰው ካያችሁ አንድ ደቂቃም አትቆዩ።

ጭረቱን መጀመሪያ ራሳችሁ መርምሩት። መኪናው ታጥቦ ይድረቅ። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ በቀስታ አሻግሩ። ጥፍሩ ከተያዘ ጭረቱ ጠልቋል። እሱን በፖሊሽ ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ ያለ ሰው ክሊሩን ይጨርስባችኋል። ጥፍሩ ካልተያዘ ተስፋ አለ። ውኃ ጠብ አድርጉበት፤ እርጥብ ሳለ የሚጠፋ ከሆነ ላይ ላዩን ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ፕራይመር ከታየ፣ ይባስ ብሎ ብረት ከታየ፣ ጉዳዩ የቀለም ቤት ነው። ብረት የታየበትን ክረምት ሳይገባ አስደፍኑት፤ ዝገት ከጀመረው ከቀለሙ ሥር እየገባ ይሰፋል።

የሚታመን ባለሙያ በሥራው ይታወቃል። መኪናዋ ዳግም ተቀብታ እንደሆነ ይጠይቃል። ጥላ ሥር ያስገባታል። አጥቦ፣ አቧራና አሸዋ አለመቅረቱን ያያል። ከዚያ በማይታይ ጥግ ላይ፣ ስስ በሆነው ፖሊሽ ይሞክራል። ካልበቃ ብቻ ወደ ጠንከር ያለው ያልፋል። አንዳንዱን ጭረት «ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም» ብሎ አስቀድሞ ይነግራችኋል። እንዲህ ያላችሁን ሰው ያዙት። ሙሉ መኪና በዚህ ጥንቃቄ በአንድ ሰዓት አያልቅም፤ ቀን ይፈጃል።

ዳግም የተቀቡ መኪኖች ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዶቹ ክሊር የላቸውም። ጨርቁ ሲወለወል የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ፣ እየተፋቀ ያለው ቀለሙ ራሱ ነው። ወዲያው አስቁሙት።

ትንሽ ጭረት በቤት ማስለቀቅ ለሚፈልግ ይቻላል። ደቃቅ ፖሊሽና ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃል። የመኪናው አካል በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። በእጅ ብቻ፣ ቀለል አድርጋችሁ፣ ጭረቱ ላይ ብቻ ሥሩ። የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ የድስት መፈግፈጊያ ዱቄት የሚሏችሁን አትስሙ። ዕቃ ለመፈግፈግ የተሠራ ነገር መኪና ላይ ሌላ ጭረት ይጨምራል።

እነዚያ ፀሐይ ላይ የሚታዩ ቀጫጭን መስመሮች ከየት እንደሚመጡ ካወቃችሁ ደግሞ ፖሊሽ የምትፈልጉበት ጊዜ ይቀንሳል። በአብዛኛው የሚመጡት ከአጠባብ ነው። በጋ ላይ ከገጠር መንገድ የተመለሰች መኪና ላይ ያለው አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው። በደረቁ በጨርቅ ሲጠረግ ክሊሩን ይጭረዋል። መኪና ቆሞ ባለበት በአንድ ባልዲ ውኃና በአንድ ጨርቅ ሲያጥቡ የሚውሉ ልጆች ሥራቸውን አከብራለሁ። ያ ጨርቅ ግን የቀደመውን መኪና አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ውኃ ብቻ አፍስሰው አቧራውን እንዲያወርዱት፣ ጨርቁንም በንጹሕ ውኃ እንዲያጥቡት ጠይቋቸው። ጎማ የታሸበት ጨርቅ ወደ ኮፈን እንዳይወጣ። ባሕር ዳር ዛፍ ሥር የምታቆሙ ሰዎች የወፍ ኩስ በታየ ቁጥር አርጥባችሁ አንሱት። ከደረቀ በኋላ መፋቅ ጭረት ነው፤ መተው ደግሞ ክሊሩን ይበላዋል።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ የምትሄዱም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ለሽያጭ የቀረበች መኪና ከመጠን በላይ ካበራች ጠርጥሩ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ኮፈኑ ላይ ትንሽ ቦታ በደንብ እጠቡና አድርቁ። ከዚያ ጥላ ውስጥ የስልካችሁን መብራት በቅርብ አብሩበት። ጭረት ከወጣ የቀረውም መኪና እንደዚያ ነው። ጠርዞቹንም ተመልከቱ፤ ደብዝዘው ከሆነ ተፍቀዋል። ደላላው ቢያጣድፋችሁም ይህን ሳታዩ ሊብሬ ላይ አትነጋገሩ።

ፖሊሽ ያሠራ ሰውም ከመክፈሉ በፊት ይህንኑ የሳሙና ሙከራ ያድርግ። ሥራው እውነተኛ ከሆነ ባለሙያው ደስ ብሎት ያሳያችኋል።

ገና ቁልፍ ሳትሰጡ መኪናዋን ዙሪያዋን በስልክ ፎቶ አንሱ። ኮፈኑን፣ ጠርዞቹን፣ ፓራፋንጎውን፣ በሮቹን። ምን ዓይነት ፖሊሽ እንደሚጠቀሙና የትኛው ጭረት እንደሚጠፋ ጠይቁ፤ መልሱን ደረሰኙ ላይ ያስፍሩላችሁ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምትገዙት አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ለደረሰባችሁ ጉዳትም ካሣ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጉዳት ከደረሰ መጀመሪያ ለሠራው ሰው አሳዩት። አሻፈረኝ ካለ ደረሰኙንና የበፊቱንና የአሁኑን ፎቶ ይዛችሁ በከተማችሁ ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ደረሰኝ የለንም የሚሏችሁ ከሆነ ግን ሥራው ሳይጀመር መኪናችሁን አስነሱ።