ሪዲንግ ፓርትነርስ፦ ከንባብ ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ ምን ያህል ይጠቅማል?

በዋሽንግተን ዲሲ ወይም በሲያትል ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች፣ ከትምህርት ቤት ከሚላኩት ወረቀቶች መካከል የሪዲንግ ፓርትነርስ የፈቃድ ቅጽ ሊደርሳችሁ ይችላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ ነው የተጀመረው። በንባብ የተቸገረውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከአንድ በጎ ፈቃደኛ ጋር ያገናኘዋል፤ ለ45 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ። ወላጅ ምንም አይከፍልም።

ከአሠራሩ ሁሉ በጣም የምናደንቀው አስተባባሪ መመደቡን ነው። አስተባባሪው ብዙ ጊዜ አሜሪኮርፕስ የተባለው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮግራም አባል ሲሆን ከንባብ ክፍሉ አይለይም። የዕለቱን ትምህርት ለእያንዳንዱ ልጅ ያዘጋጃል፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ይከታተላል፣ በጎ ፈቃደኛው ግራ ሲገባው ጠጋ ብሎ ያግዛል። በዚህ ምክንያት የማስተማር ልምድ የሌለው ሰውም ገብቶ መሥራት ይችላል። ሰው ሰብስበው መጽሐፍ አስይዘው የሚተዉ በጎ ሐሳቦች ቶሎ የሚከስሙት ይህ ሰው ስለሚጎድላቸው ነው።

ውጤቱስ? ኤምዲአርሲ የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት ከ19 ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 1,265 ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ድጋፉን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር የሚገመት ተጨማሪ የንባብ ዕድገት አሳይተዋል። ድጋፉ ካልደረሳቸው ልጆች ብዙዎቹ ሌላ የንባብ እገዛ ያገኙ ስለነበር ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁንና አንድ ሙሉ ክፍል ወደ ኋላ የቀረ ልጅ በዚህ ብቻ በአንድ ዓመት እኩዮቹ ላይ ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ትልቁ ክፍተት ሰዓቱ ላይ ነው። በዚያው ጥናት ልጆቹ በተግባር ያገኙት በሳምንት በአማካይ 1.5 ጊዜ ያህል ነበር። በዓል፣ የትምህርት ቤት ጉዞ፣ ፈተና፣ የልጁ ሕመም፣ የበጎ ፈቃደኛው መቅረት፣ ሁሉም ይሸርፉታል። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ በንባቡ ቀን አታስይዙ፤ ልጁ ስንት ጊዜ እንደተማረም በየወሩ አስተባባሪውን ጠይቁ። ገና የፊደል ድምፅ በመለየት ላይ ላለ የመዋዕለ ሕፃናት ወይም የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን፣ በእኛ ግምት፣ በየትምህርት ቀኑ 20 ደቂቃ የሚሰጠው፣ ሚኒሶታ ሪዲንግ ኮርፕስ የተባለው ሌላ የንባብ ድጋፍ ፕሮግራም አሠራር ይሻላል። ትንሽ ልጅ ከረጅም ይልቅ ተደጋጋሚ ልምምድ ያዋጣዋል።

ለሁሉም ልጅ የሚሆን አይደለም። ገና ከአገር ቤት የመጣና እንግሊዝኛ የማይናገር ልጅ አስቀድሞ የቋንቋ ትምህርት ያስፈልገዋል። ቤተሰቡ ውስጥ የማንበብ ችግር ካለ፣ ወይም ልጁ ብዙ ተለማምዶም ፊደልና ድምፅ ካልተገናኙለት፣ ትምህርት ቤቱ ሙሉ ግምገማ እንዲያደርግለት በጽሑፍ ጠይቁ። የበጎ ፈቃደኛ እርዳታ ይህን ግምገማ አይተካውም።

በጎ ፈቃደኛ ለመሆን አስባችሁ «አነጋገሬ ያስቸግራል» ብላችሁ የምታፈገፍጉ ካላችሁ አትስጉ፤ ትኩረት የሚሻው ሌላ ነገር ነው። በፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ፣ የእንግሊዝኛን ፊደላት ድምፅ ለየብቻ ስንጠራ ሳናውቀው አናባቢ እንጨምራለን። «በ - አ - ተ» የተባለ ልጅ «ባት» ብሎ ማገጣጠም ይቸግረዋል። በሳድስ፣ አጠር አድርጋችሁ «ብ - አ - ት» በሉት። በእንግሊዝኛ የበግና የመርከብ ስሞችም (sheep እና ship) የሚለያዩት በአናባቢያቸው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያሉትን ጥንዶች ከክፍሉ በፊት በድምፅ ቅጂ እየሰማችሁ ተለማመዱ።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ቶሎ መንገር ነው። ልጁ ቃል ላይ ሲቆም አምስት ሰከንድ ያህል ታገሡ። ሥዕሉን አይቶ ሲገምት ጣታችሁን ከቃሉ ሥር አድርጋችሁ ፊደሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲያነብ መልሱት። ከ100 ቃላት ከ10 በላይ ከሳተ መጽሐፉ ከብዶታል፤ ለአስተባባሪው ንገሩትና ቀለል ያለ ይምረጥለት። ልጁን ማበረታታት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን «ጎበዝ» ብቻ ሳይሆን ምን እንደሠራ ጥቀሱለት፦ «ተሳስተህ ራስህ አረምከው» የሚለው ለሚቀጥለው መስመር ይረዳዋል።

ቤት ውስጥ በአማርኛ ማንበብና ስላነበባችሁት መጨዋወት የእንግሊዝኛውን ንባብ ይጎዳል ብላችሁ አታቁሙ። የታሪክ ፍሰትን መከተልና ምክንያትን ከውጤት ማገናኘት በአንዱ ቋንቋ ከተለመደ ለሌላውም ያገለግላል።

ወደ ድጋፉ የሚገቡትን ልጆች የሚጠቁመው ትምህርት ቤቱ ነው። ቅጹ እስኪመጣ ከመጠበቅ በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ሳምንታት መምህሯን አነጋግሩ፤ የልጃችሁን የንባብ ደረጃ ውጤት ጠይቁና ስሙ እንዲታሰብበት አሳውቁ።