ካሜራዬን ከመጣል ላዳነችው የደብረ ብርሃን ባለሙያ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። አንዲት እህታችንን በአደባባይ ማመስገን ስላለብኝ ነው የምጽፈው። ደብረ ብርሃን ላይ ስልክና ካሜራ ትጠግናለች። ስሟና ስልኳ እንዲህ በአደባባይ እንዲወጣ አትፈልግም፤ ፈቃዷን አከብራለሁ። የሚያስፈልጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

እኔ የምተዳደረው በቪዲዮ ነው። ሠርግ እቀርፃለሁ። እንግዳ ሲመጣ አንኮበርና መንዝ ጓሳ አብሬ እየሄድኩ እቀርፃለሁ። ለጥምቀት ደግሞ ፈረሰኞቹን። ትልቁ ካሜራ በማይገባበት ቦታ ሁሉ የምጠቀመው አክሽን ካሜራ ነው። ደረት ላይ ይታሰራል፣ ሞተር ላይ ይታሰራል፣ ፈረሰኛው ግንባር ላይም ይታሰራል። የእኔው ጎፕሮ ሂሮ 9 ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝ።

ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ግን ምስሉ ከፋ። ፀሐይ ከፊት ስትሆን ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ጥቁር መስመር በምስሉ ላይ ይንሸራተታል። ሲመሽ ነጠብጣብ ይሞላዋል። የጥምቀቱን ቪዲዮ ያሠሩኝ አባት ደግሞ «ልጄ፣ ፈረሱ ይቅርና የልጄን ፊት እንኳ አልለየሁትም» አሉኝ። እንዴት እንደከበደኝ! አዲስ አበባ ይዤው የሄድኩበት አንድ ቤት ሜሞሪውን እንኳ ሳያይ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ሴንሰር ማለት ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል ነው። በዛሬ ዋጋ አዲስ ካሜራ ማለት ለእኔ የአንድ ሠርግ ወቅት ድካም ነው።

እሷ ጋ ስሄድ ካሜራውን ወዲያው አልከፈተችውም። መጀመሪያ «የተበላሸውን ቪዲዮ አሳየኝ» አለችኝ። ስልኬ ላይ ያለውን አሳየኋት። «ይሄ በቴሌግራም የመጣ ነው ወንድሜ፣ በዚህ አልፈርድም። ሜሞሪው ላይ ያለውን ስጠኝ» አለች። ቀጥላም የነገረችኝን አልረሳውም፤ ቪዲዮ ከሌንስ ተነስቶ ሰው ዓይን እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል፣ የትኛው ላይ እንደተበላሸ ሳላውቅ ብሎን አልፈታም አለችኝ።

ሜሞሪውን ኮምፒውተሯ ላይ ስትከፍተው የጥምቀቱ ቪዲዮ ጥርት ያለ ነው! በፈረሱ ጌጥ ላይ ያለው ጥልፍ ሳይቀር ይታያል። ታዲያ አባትየው ያዩት ምንድን ነው? ቪዲዮውን ለእሳቸው የሰጠሁበትን ፍላሽ ሰካችው። ነገሩ ወዲያው ገባት።

ጎፕሮ አንድ ቪዲዮ ሲቀርፅ ከዋናው ፋይል ጎን ትንንሽ ፋይሎችም ያስቀምጣል። አንደኛው መጨረሻው ቲኤችኤም የሚለው ሲሆን ትንሽ የሽፋን ፎቶ ነው። ሌላው ኤልአርቪ የሚለው ነው። ይሄኛው ያው ቪዲዮ ነው፣ ግን ጥራቱ በጣም ዝቅ የተደረገ፣ ስልክ ላይ ቶሎ ለማየት ብቻ የተዘጋጀ። ዋናው ስሙ ጂኤክስ ወይም ጂኤች ብሎ ይጀምራል፣ ኤምፒ4 ብሎ ያበቃል። ትንሹ ጂኤል ብሎ ይጀምራል። ወደ ፍላሽ የገለበጠልኝ የኮምፒውተር ቤት ሠራተኛ ዋናዎቹ ፋይሎች እየከበዱ ፍላሹ አልበቃ ሲለው ትንንሾቹን ወስዶ፣ መጨረሻቸውን ኤምፒ4 ብሎ ቀይሮ ሰጥቶኛል። ስሙ ሲቀየር ይጫወታል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። እናንተም ከአክሽን ካሜራ ስታስገለብጡ የፋይሉን ክብደት እዩ። ፎር ኬ የሚባለው በጣም ጥራት ያለው ቪዲዮ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ በጊጋ ነው የሚቆጠረው። በጥቂት ሜጋ የመጣላችሁ ከሆነ ዋናው አይደለም።

ዋናውን ገልብጣ ስትጨርስ ደግሞ «አባትየው በምን ነው የሚያዩት?» ብላ ጠየቀች። በቆየ ቲቪ ነው። ካሜራው ፎር ኬውን የሚያሽገው ኤችኢቪሲ በሚባለው መንገድ ስለሆነ የቆየ ቲቪና ኮምፒውተር ይንተባተብበታል። ለእሳቸው ኤች264 ወደሚባለው፣ የቆየ ቲቪም ወደሚያውቀው መንገድ ቀይራ፣ በፉል ኤችዲ አዘጋጅታ ሰጠችኝ። ይሄን ማንም አላዘዛትም። እሳቸውም አይተው መርቀውኛል፤ ምርቃቱ ግን የእሷ ነው።

ቴሌግራምንም እግረ መንገዷን ነገረችኝ። ቪዲዮ ብላችሁ ስትልኩ ይጨመቃል፤ ፋይል ብላችሁ ስትልኩ እንደነበረ ይደርሳል። እስከ 2 ጊጋ ያለ ክፍያ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ካሜራው የገባችው። ሱቋ በር ላይ በጠራራ ፀሐይ አስቀምጣ ማዶ የቆመ ባጃጅ ታርጋ ቀረፀች። ቀጥላ ከሌንሱ ፊት ያለውን መከላከያ መስታወት ነቅላ ያንኑ ታርጋ ደግማ ቀረፀች። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ጭጋጉ የመስታወቱ ነው። የመንዝ አቧራ፣ የፈረስ ኮቴ የሚያነሳው ጠጠር፣ ላብና ቅባት ተደራርበው ፊቱን በጥቃቅን ጭረት ሞልተውታል። ብርሃን ጭረቱ ላይ ሲያርፍ ይበተናል፤ ፀሐይ ከፊት ስትሆን የሚብሰውም ለዚህ ነው። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ከሞተ ሌላ ካሜራ ላይ ደህና መስታወት ነቅላ ገጠመችልኝ። የከፈልኩትም የዚያን ዋጋ ነው። ልብ በሉ፣ ሁሉም ሞዴል ላይ መስታወቱ አይነቀልም። ሂሮ 8 ያላችሁ ለምሳሌ እንዲህ በቀላሉ አታወጡትም፤ ስለዚህ ከጅምሩ ጠብቁት። መስታወቱን ነቅሎ መቅረፅም ለሙከራ ብቻ ነው፤ ያለ እሱ ካሜራው ውኃ አይችልም።

የአዳራሹ መስመር የሴቲንግ ጉዳይ ሆነ። ካሜራው ከአሜሪካ ለእነሱ መብራት በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ዙር) ተስተካክሎ ነው የመጣው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በእኛ መብራት ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ በሌላ ፍጥነት የሚቀርፅ ካሜራ ግን ያየዋል። ፀረ ፍሊከር የሚለውን፣ ማለትም የመብራት ብልጭታ መከላከያውን፣ ወደ 50 ኸርዝ ቀየረችው። ፍሬሙም (በሰከንድ የሚያነሳው የምስል ብዛት) ከ30 እና 60 ወደ 25 እና 50 ተቀየረ። መስመሩ ጠፋ። ከውጭ አገር ካሜራ ለሚመጣላችሁ ሁሉ መጀመሪያ የሚታይ ነገር ይሄ ነው።

በጣም የደነቀኝ ግን የጣርማበሩ ነው። ከሸዋሮቢት ተነስተን ወደ ላይ ስንወጣ የምቀርፀው ሁሌ መሐሉ ነጭ ይሆንብኝ ነበር። የጣርማበር ጉም ነው ብዬ ነው የማስበው፤ እዚያ ጉም መቼ ጠፍቶ ያውቃል! እሷ ግን «ጉም ከሆነ ዳሩም ይሸፈናል፤ ይሄ መሐሉ ብቻ ነው» አለች። ሸዋሮቢት ቆላ ነው። እዚያ ካሜራው የሚገባበትን ውኃ የማያስገባ የፕላስቲክ ቤት ስንዘጋው ሞቃትና እርጥብ አየር አብረን እንዘጋለን። ደብረ ሲናን አልፈን ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጋ ስንደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ነን፣ ብርዱም ያው ታውቁታላችሁ። ውስጥ የታፈነው እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ይሆናል። ካሜራው እየቀረፀ ስለሚሞቅ ደግሞ ይብሳል። መፍትሔዋ ቀላል ነው። ዝናብ ከሌለ የፕላስቲኩን ቤት አውልቅ። የግድ ከሆነም ደጋ ላይ ከፍተህ ደረቅ አየር አስገባና ዝጋ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ካለችም አብራ ትግባ። ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

የምሽቱን ነጠብጣብ በተመለከተ አልዋሸችኝም። የዚህ ዓይነት ካሜራ ሴንሰር ትንሽ ነው፤ ጨለማ አይወድም። የአይኤስኦ (ካሜራው በጨለማ ምስሉን የሚያደምቅበት መጠን) ጣሪያውን ወደ 1600 አወረደችው፤ ምስሉ ትንሽ ይጨልማል እንጂ ነጠብጣቡ ይቀንሳል። በጨለማ እየሮጡ መቅረፅም አያዋጣም። መንቀጥቀጥ ማስተካከያው ምስሉን ያረጋጋዋል፣ እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ያለውን ብዥታ ግን አያጠፋም። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በሩቁ አይቼ በዙም የቀረፅኩትን ሳሳያትም «ይሄ የካሜራው ሥራ አይደለም» አለችኝ። ሌንሱ የተሠራው ሰፊ ነገር ለማየት ነው። ዙሙም ምስሉን ቆርጦ ያተልቃል እንጂ አያቀርብም። ጭላዳዎቹ ቅርብ ሆነው ሲግጡ ግን የሚተካከለው የለም።

አዲስ ሜሞሪ ልግዛ ወይ ብዬም ጠይቄያት ነበር። ሱቋ ውስጥ ለሽያጭ ደርድራለች፤ አልሸጠችልኝም። ሜሞሪ ቀርፋፋ ሲሆን ቀረፃው በመሐል ይቆማል ወይም ይዘላል፣ ምስል ግን አያደበዝዝም አለችኝ። የእኔው ቪ30 የሚል ምልክት አለበት፤ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። ለዚህ ካሜራ ይበቃል። እስከ ጥግ ሞልቶ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ፈትሻ ፎርጅድ አለመሆኑንም አረጋገጠችልኝ።

እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። ልትሸጥልኝ የምትችለው ብዙ ነገር ነበር። እሷ ግን የሚሠራውን ይሠራል አለች፣ የማይችለውን አይችልም አለች፣ የጠገነችውን ብቻ አስከፈለች። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ሥራዬን ነው ያቆየሽልኝ።

እሷ ጋ የምትሄዱ ካላችሁ ሜሞሪውን ፎርማት ሳታደርጉ ይዛችሁ ሂዱ። የተበላሸውን ቪዲዮ ከነፍላሹ፣ የፕላስቲክ ቤቱንም ጨምሩ። የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ብርሃን እንደቀረፃችሁ ትጠይቃችኋለች። ጥር ላይ የሠርጉም የጥምቀቱም ካሜራ እሷ ጋ ስለሚሰለፍ ከዚያ በፊት ብትሄዱ ተረጋግታ ታይላችኋለች።