የደባርቅ መስመር ስምሪት ላይ ላለችው ልጅ ምስጋናዬ ይድረሳት

ሰላም የጎንደርና የወገራ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ረዘም ሊልብኝ ነው፣ ታገሱኝ።

እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ጭቃ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ። ጎንደር ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላት (እሷ ዛሬም «ኮሌጅ» ነው የምትለው፤ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተ ነውና አልተሳሳተችም)። ተመስገን፣ ደህና ወጣች። ከዚያ በኋላ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ ታዘዘላት። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ግን፣ በማርያም፣ አዲስ አበባ ይቀርባል።

ያየነውን እንግልት ምኑን ልንገራችሁ! አንዱ ረዳት «ዊልቸሩ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፣ ከእሳቸው ጋር የሦስት ሰው ትከፍላላችሁ» አለን። ከፈልን። ከፍለንም ዊልቸሩን ፖርቶመጋላ ላይ ወርውሮ ከጆንያ ሥር ቀበረው። ጎንደር ስናወርደው አንዱ ጎማ ተጣሟል። ሌላው ደግሞ ኮንትራት ተስማምቶ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ «መጣሁ፣ መጣሁ» ሲለን አርፍዶ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ዘጋው። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀጠሮዋ አለፈ። ሌላ ቀጠሮ ያገኘነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። ሕግ የተማረው ወንድሜ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፣ ስምምነቱ ውስጥ ትራንስፖርትም አለበት ይለኛል። እንግዲህ ረዳቱ ዘንድ ገና አልደረሰ ይሆናል።

አንድ ቀን ጎንደር መናኸሪያ ከተራ አስከባሪ ጋር ስጯጯህ ይህች ልጅ መጣች። እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታለች። ያወቅኳት ያን ቀን ነው። «ማን ጥፋተኛ ነው» አላለችም። «የተሰበረው የትኛው እግራቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሐኪም በቀር ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም! ቀኙ ነው አልኳት። «እንግዲያው ጋቢና አይሆናቸውም። ከሹፌሩ ጀርባ ይቀመጡ፤ ቀኝ እግራቸውን ወደ በሩ በኩል ይዘረጋሉ» አለች። እኛ ለካ ስንት ጊዜ ጋቢና እየለመንን አሠቃይተናታል።

ከዚያ ደብተሯን አወጣች። በዚያው መስመር ሆስፒታል የሚመላለሱ ሌሎች ሦስት ሰዎች ተጽፈዋል፤ አንዱ ከዳባት፣ ሁለቱ ከኮሶዬ። የሁሉም ቀጠሮ ግን የተለያየ ቀን ነው። «ቀኑ ካልተገጣጠመ መኪናው ብቻውን ምን ያደርጋል?» አለችና እዚያው ቆማ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ደወለች። እነሱም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ማክሰኞና ሐሙስ አደረጉልን። አሁን አንድ ሚኒባስ ከዳባት ተነስቶ ሁላችንንም እየለቀመ ይመጣል፣ መናኸሪያ ላይ ባጃጅ ይጠብቀናል፣ ማታም በዚያው ይመልሰናል። ታሪፉ የማንም ተሳፋሪ ታሪፍ ነው። ዊልቸሩ ታጥፎ ከኋላ ወንበር ሥር ይገባል፣ ሳንቲም አይጠየቅበትም። ደብተሩ ላይ የምትስለው ቀስትና ክብ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የማልረሳው ግን ሳጥኑን ነው። የሚኒባሱ ደረጃ ለእናቴ ከፍ ይላል። ልጅቱ ከሱቅ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ተውሳ መጣች፤ ገልብጣ አስቀመጠችውና መጀመሪያ ራሷ ወጣችበት፣ ሁለት ሦስቴ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። «አሁን ይውጡ እማማ፣ አይነቃነቅም» አለቻት። እናቴ ስትወጣ ክንዷን አልጎተተችም፤ መዳፏን ዘርግታ እናቴ ራሷ እስክትይዛት ጠበቀች። ሳጥኑ እስካሁን ከመኪናው ጋር ይመላለሳል።

በቀደም ሐሙስ ኮሶዬ ላይ ጉም ውስጥ መኪናው ቆመ። እኔ ደንግጬ ስልኬን ስፈልግ እሷ ቀድማ ደወለች፤ ሹፌሩ ነግሯታል። «እማማን አታውርጂያቸው፣ ብርድ ነው። ከኋላችሁ የሚመጣ አለ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ቦታ አስለቅቄያለሁ» አለችኝ። ብዙም አልቆየ፣ መጣ። እኔ እንባዬ መጣ፤ እናቴ ደግሞ «ይቺ ልጅ አግብታለች?» ትለኛለች።

ገንዘብ ብንሰጣት እንቢ አለች። የወገራ ገብስ ቆሎ ግን ተቀብላለች፤ ሳታመነታ!

ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለችና አልጽፍም። በደባርቅ፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ መስመር የታመመ ወይም መራመድ ያቃተው ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ በኮንትራት አትበዝበዙ፤ መናኸሪያ ገብታችሁ የደባርቅ መስመር ስምሪት ጋ ባለ ደብተሯን ልጅ ጠይቁ። ሁሉም ያውቃታል። ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሂዱ፣ የቀጠሮ ወረቀቱን ያዙ፣ የትኛው እግር እንደሆነም አስቀድማችሁ እወቁ፣ ትጠይቃችኋለች። እባካችሁ ሂዱ!

ባለሱቁ ሳጥኑን መልሱልኝ እያለ ነው አሉ። አናጺ የሆናችሁ ካላችሁ አንድ ጠንካራ የእንጨት መርገጫ አሠርቼ ልወስድላት ነው፣ በውስጥ መስመር ዋጋ ንገሩኝ።