ለፒክአፔ ጎማ የመረጡልኝን ጎሚስታ አመስግኑልኝ

ሰላም ወገኖች። ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ፒክአፕ የምትነዱ፣ በተለይ ለሥራ ወደ ተራራው የምትወጡ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አውሮራ ውስጥ ያሉ አንድ ጎሚስታ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም፣ እኔም ቃላቸውን አከብራለሁ። ያደረጉልኝን ግን ሳልናገር መቅረት አልችልም።

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል አብዛኛውን ሥራ የማገኘው ተራራው ላይ ባሉት ከተሞች፣ ሲልቨርቶርንና ፍሪስኮ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። አይ-70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ የአይዘንሃወርን ዋሻ አቋርጣለሁ። ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አውሮራ ላይ ደረቅ አስፋልት ትቼ እወጣለሁ፣ እዚያ ስደርስ መንገዱ ነጭ ለብሶ ይጠብቀኛል። ስሄድ ኋላው ሴራሚክና ሲሚንቶ ስለተጫነበት መኪናው መሬት ቆንጥጦ ይወጣል። ስመለስ ባዶ ነው። ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ክብደቱ ፊት ሞተሩ ላይ ነው፣ ኋላው ይቀላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ከዋሻው ወጥቼ ወደ ጆርጅታውን ስወርድ ፊት ለፊቴ ያለው መኪና ፍሬን ያዘ። እኔም ያዝኩ። 4 በ4 ገብቷል፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ፍጥነቴም ብዙ አልነበረም። ኋላው ግን ወደ ግራ ሄደብኝ። መሪውን ባዞረውም አልሰማኝ አለ። ከመንገዱ ዳር ካለው ብረት አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ጣቶቼ ግን ከመሪው ላይ አልላቀቅ አሉኝ። ያን ማታ ቤት ገብቼ ልጆቼን ተኝተው ሳያቸው ነው እንባዬ የመጣው።

በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ስሄድ ልቤ ቆርጦ ነበር። የምፈልገው ኦል-ተሬይን ጎማ ነው፤ ያ ጥርሱ ትልልቅ፣ ለጭቃም ለኮረኮንችም የሚሆነው። ጓደኞቼ ሁሉ ያሰሩት እሱን ነው። ክረምት ከበጋ አንድ ጎማ ይበቃል ብለውኛል። ለጋሼም ይህንኑ ነገርኳቸው።

እሳቸው ግን ጎማውን ትተው ስለኔ ጠየቁኝ። ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው? በሳምንት ስንት ቀን? የት ድረስ? ስትመለስ ጭነት አለህ? ሁሉንም መለስኩላቸው። ከዚያ፣ «የኔ ልጅ፣ ያን ጎማ ልሸጥልህ እችላለሁ፣ እዚሁ መደርደሪያው ላይ አለ። ላንተ መንገድ የሚሆነው ግን የበረዶ ጎማ፣ ዊንተር የሚባለው ነው» አሉኝ።

አልተዋጠልኝም። ይህን ሲያዩ እጄን ይዘው ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ብርዱ ፊት ይቆርጣል። ሌሊቱን ውጭ ያደሩ ሁለት ጎማዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ አንዱ ኦል-ተሬይን፣ አንዱ ዊንተር። «አውራ ጣትህን ጫንበት» አሉኝ። የመጀመሪያው እንደ እንጨት ደረቅ ነው። ሁለተኛው ለጣቴ እሺ አለ፣ ገባ ብሎ ተመለሰ። የኦል-ተሬይኑ ጎማ ድንጋይ እንዳይቆርጠው ጠንካራ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እዚህ አገር አቆጣጠር ከ45 ፋራናይት ሲወርድ ደግሞ እየደረቀ ይሄዳል። የዊንተሩ ጎማ በብርድም እንዳይደርቅ ተደርጎ የተቀመመ ነው።

ቀጥለው ጥርሱን በሁለት እጃቸው ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ቀጫጭን መስመር ሞልቷል። መስመሮቹ በረዶውን ይነክሳሉ፣ ይይዙታልም። በረዶ ደግሞ በረዶን ይይዛል። «ልጆችህ በረዶ ሲያድቦለቡሉ አላየህም?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። ብዙ ኦል-ተሬይን ጎማዎች ጎናቸው ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሃሉ ላይ የበረዶ ምልክት አላቸው። ታዲያ ይህስ? እሳቸውም ምልክቱ ጥሩ ነው፣ ከሌለው ያለው ይሻላል አሉኝ። ግን ጎማው ያንን ምልክት የሚያገኘው በረዶ ላይ ለመነሳት ምን ያህል እንደሚጎትት ተፈትኖ ነው። ሲቆም አይፈተንም። እኔን ያንሸራተተኝ ደግሞ መነሳት አይደለም፣ መቆም ነው። «4 በ4ም ለመነሳት ነው የሚረዳህ። ለመቆም ከሆነ የማንም መኪና 4 ፍሬን አለው» አሉ። ይህችን አባባል ለስንት ሰው እንደነገርኩ አላውቅም።

ስለ ሕጉም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። አይ-70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ 4 በ4 መኪና እንኳ ቢሆን የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆን አለበት። 5 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ኦል-ተሬይን ይህን ያልፋል። «ለፖሊሱ ይበቃል፣ ለቁልቁለቱ ግን አይበቃህም» አሉኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው መኪናዬ ላይ ያለውን ጎማ አዩ። ሌላ ቦታ አዲስ ነው ተብዬ የገዛሁት ነው። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። የኔው 3516 ይላል፤ በ2016 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። እኔ የገዛሁት በ2023 ነው። ሰባት ዓመት መጋዘን የከረመ ጎማ ላይ ነው ልጆቼን ጭኜ ስዞር የነበረው። እባካችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ያችን ቁጥር አንብቡ።

በመጨረሻ የገዛሁት 4 የዊንተር ጎማ ከነቸርኬው ነው። ሁለት ብቻ ከኋላ ይሰርልኝ ብዬ ለምኜ ነበር፣ እምቢ አሉ። ፊትና ኋላ እኩል ካልያዘ መኪናው ይዞራል፣ በእጄ አላደርገውም አሉ። ሴራሚክ ስለምጭን ለከባድ ጭነት የሚሆነውን፣ ጎኑ ላይ ኤል-ቲ የሚል ያለበትን መረጡልኝ። የራሱ ቸርኬ ስላለው ኖቬምበር ላይ ማሰር፣ ኤፕሪል ላይ መፍታት ብቻ ነው። ኤፕሪል ላይ መፍታቱ ግዴታ ነው፣ ያ ለስላሳ ጎማ በበጋ አስፋልት ቶሎ ያልቃል። መጀመሪያ ወጪው ከብዶኝ ነበር። ግን ዊንተሩ ሲሠራ የበጋው ጎማ፣ የበጋው ሲሠራ ዊንተሩ ስለሚያርፍ ሁለቱም ይቆያሉ።

አሠራራቸውን ብታዩ ደስ ይላችኋል። ዳዶውን በማሽን ቀርቅረው አይለቁም። በእጅ እያቋረጡ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ በመለኪያ ቁልፍ ነው የሚያጠብቁት። «50 ማይል ነድተህ ተመለስ፣ እንደገና አያለሁ» አሉኝ። እኔ ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። ባዶ ስመለስ ከኋላ ጎማው በላይ የአሸዋ ከረጢት አስሬ እንድይዝ የመከሩኝም እሳቸው ናቸው። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት በወረደ ቁጥር የጎማው አየር በ1 ፒ-ኤስ-አይ (የጎማ አየር መለኪያው ነው) ገደማ እንደሚቀንስም ነግረውኛል። አሁን ሰኞ ሰኞ ሌሊት ሳልወጣ እለካለሁ።

ከመቼውም በላይ ያከበርኳቸው ግን የአጎቴን ልጅ ስወስድላቸው ነው። እሱም ፒክአፕ አለው። ሥራው አየር ማረፊያ ነው፣ ተራራ የሚወጣው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው፤ በበጋ ግን በየሳምንቱ ዓሣ ለማጥመድ የጥርጊያ መንገድ ይገባል። እኔ ዊንተር ግዛ ብዬ ነው ያመጣሁት። ጋሼ እንደኔው ጠየቁትና፣ «አንተ ኦል-ተሬይን ይበቃሃል፣ የበረዶው ምልክት ያለበትን ውሰድ፣ በረዶ በጣለ ቀን ቀስ በል» ብለው ሸኙት። ሁለት ዙር ጎማ ሊሸጡለት ይችሉ ነበር፣ አልሸጡለትም።

ዘንድሮ ፌብሩዋሪ ላይ እዚያው ቁልቁለት ላይ ትልቅ የጭነት መኪና በድንገት ቆመብኝ። በረዶው እየወረደ ነበር። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። አስፋልቱ ላይ እንደ መስታወት የሚጋገረው በረዶ ላይማ ይሄም ቢሆን ያንሸራትታል፣ አሁንም እዚያ ላይ ርቀቴን እጠብቃለሁ። ያን ቀን ግን ዳር ይዤ መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሼ ነው። «ተመስገን፣ ተመስገን» ብቻ አሉኝ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃቸዋለሁ። የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ ወረፋው አይቻልም፣ ኦክቶበር ሳያልቅ ሂዱ። በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ስንት ሰዓት ወጥታችሁ የት እንደምትሄዱ ነው። መልሱን አዘጋጅታችሁ ደውሉ።