ተኝቷል ያልኩት ቦርድ ዓይኑን ገልጦ ሲያድር፦ 14 ወር ከኢኤስፒ32 ጋር

ጉዱን ያገኘችው እናቴ ናት። ኢኤስፒ32 በሚባል ትንሽ ቺፕ የሚሠራው የሮቶ መሣሪያዬ ባትሪ ለምን ቶሎ እንደሚጨርስ ለማወቅ እኔ ሦስት ወር ሙሉ ኮዱን ስበረብር ከርሜያለሁ። እሷ አንድ ሌሊት ውሃ መጣ አልመጣ ልታይ ወጣች፣ ቀና ብላ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አየች፣ ጠዋት ሻይ እየቀዳች ጠየቀችኝ።

«ተኝቷል ያልከኝ እቃ ለምንድን ነው ዓይኑን ገልጦ የሚያድረው?»

ቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ማለቷ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጣጣ በሙሉ እዚያች መብራት ስር ነው ያለው።

አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ሮቶው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ መሰላል ወጥቶ በጣት ማንኳኳት ነው፤ ድምፁ ከደፈነ ውሃ አለ፣ ከጮኸ አልቋል። መሰላሉን ለማስቀረት ብዬ አንዲት መሣሪያ ሠራሁ። ሮቶው ውስጥ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚሉ ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያዎች አሉ። ክዳኑ ላይ 18650 በሚባል አንድ ሊቲየም ባትሪ የሚሠራ ቦርድ አለ። ሳሎን ደግሞ ውሃው ሲያልቅ የሚጮህ ሌላ ቦርድ። የላይኛው በየ15 ደቂቃው ይነቃል፣ ያያል፣ ይናገራል፣ ይተኛል። 220 ቮልት ውሃ አጠገብ አላደርስም ብዬ ነው ባትሪ የመረጥኩት። ጎረቤት አየና ወደደው፤ ሳላስበው መሣሪያውን ለስድስት ቤት ሸጥኩ።

የቺፑ ምርጫ ላይ ብዙ አልተጨነቅኩም። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለውን የመለማመጃ ቦርድ አውቀዋለሁ፣ የተማርኩበት ነው፤ ግን 2 ኪሎባይት ራም ያለው፣ በ16 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ቺፕ ነው፣ ሬዲዮ ደግሞ የለውም። ኤስቲኤም32 የሚባለውን ሌላ ቺፕ አንድ ጓደኛዬ በእናቱ ስም ይምልበታል። ጥሩ ነው፤ ግን እኔ ያየሁት 72 ሜጋኸርዙ ቺፕም ሬዲዮ ለብቻ ግዛልኝ የሚል ነው። ኢኤስፒ32 ከ2016 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ የኤስፕሬሲፍ ቺፕ ነው። ሁለት ኮር፣ 240 ሜጋኸርዝ፣ 520 ኪሎባይት ራም፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብሮት። ለሮቶ ይህ ሁሉ ጉልበት አያስፈልግም፤ ትንኝ በመድፍ እንደመምታት ነው። ያሸነፈኝ ዳታሺቱ፣ ማለትም የአምራቹ መግለጫ ወረቀት ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ 10 ማይክሮአምፔር። ሒሳቡን ሠራሁ። የባትሪዬ 2600 ሚሊአምፔር-ሰዓት ለ0.01 ሚሊአምፔር ሲካፈል 260,000 ሰዓት፣ ወደ 30 ዓመት። ባትሪው ራሱ ከዚያ በፊት በእርጅና ይሞታል። እየሳቅኩ ገዛሁ።

ባትሪው የቆየው አንድ ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን ጠረጠርኩ፣ ፎርጅድ ነው ብዬ። ቀየርኩ። ሳምንት። ከዚያ ኮዱን ጠረጠርኩ። ሳምንት። ስድስት ቤት ሲሆን አስቡት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መሰላል ተሸክሜ ከግቢ ግቢ ስዞር ነበር የምውለው። መሰላል ላስቀር ብዬ የመሰላል ሠራተኛ ሆንኩ። እናቴ ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ ይሄኔ ነው።

በዚያው ቀን የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ መልቲሜትሩን፣ በባትሪውና በቦርዱ መሃል አስገባሁ። ተኝቷል በተባለበት ሰዓት 15 ሚሊአምፔር ይጠጣል። 2600ን ለ15 አካፍሉት፤ 173 ሰዓት ነው፣ ሳምንት ከጥቂት ሰዓት። ከዳታሺቱ 1500 እጥፍ።

ቺፑ አልዋሸም። እሱ ተኝቷል። ያልተኙት ጎረቤቶቹ ናቸው። ቦርዱ ላይ ቮልቴጁን ወደ 3.3 የሚያወርድ ኤኤምኤስ1117 የሚባል ሬጉሌተር አለ፤ ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ብቻ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ የራሱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሻይ ቤት ገብቶ ሳያዝ ሒሳብ እንደሚከፍል ሰው ነው። ደግሞ ከሚያወጣው ቢያንስ በአንድ ቮልት የበለጠ ካልገባለት አይሠራም፤ የሊቲየም ባትሪ 3.7 ቮልት አይበቃውም። ስለዚህ እኔው ወደ 5 ቮልት የሚያሳድግ ሌላ ሰሌዳ ጨምሬበታለሁ፤ እሱም የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ብቻ የሚያስፈልገው የዩኤስቢ ቺፕም ሌሊቱን ሙሉ ይቀለባል። በላዩ ላይ ቀይዋ መብራት። መብራቷን በፒንሳ ነቀልኳት። ልቤ ቀዝቀዝ አለ፤ ባትሪው ላይ ግን ያመጣችው ለውጥ ከግማሽ ቀን አይበልጥም።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ወንድሜ፣ ይሄ ለመለማመጃ የተሠራ ቦርድ ነው፣ ማን ጣሪያ ላይ ስቀለው አለህ?» እውነት ነው። ታዲያ ስገዛ «ለባትሪ ይሆናል?» ብዬ ስጠይቅ «እንዴታ፣ ስሊፕ አለው እኮ!» ያለኝ ማን ነበር? ስሊፕ ያለው ቺፑ ነው፣ እኔ የገዛሁት ግን ሙሉውን ቦርድ ነው። አሁን ቦርድ ስገዛ ስለ ኮርም ስለ ሜጋኸርዝም አልጠይቅም። «ሬጉሌተሩ ምንድን ነው?» እላለሁ። ካላወቁ ገልብጬ አጉሊ መነጽር አውጥቼ አነባለሁ። ሱቅ ውስጥ እንደ እብድ ያዩኛል፤ ይዩኝ።

ጥር ላይ ሁሉንም አፈረስኩ። ቺፑን አልቀየርኩም። ሞጁሉን፣ ማለትም ቺፑ ያለበትን ትንሽ ክፍል ያለ ሌላው ቦርድ፣ ብቻውን ገዛሁና ኤምሲፒ1700 በሚባል ሬጉሌተር፣ ቀጥታ ከባትሪው አሠራሁት። ይሄኛው ለራሱ የሚወስደው 1.6 ማይክሮአምፔር ነው። የሞጁሉ እግሮች እርስ በርስ በጣም የተጠጉ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስበይድ አበላሽቻለሁ። በእንቅልፍ ሰዓት ስለካው 14 ማይክሮአምፔር አነበብኩ። ለሚለካ ሰው አንድ ነገር ልንገር፦ መልቲሜትሩን ማይክሮአምፔር ላይ አድርጋችሁ ከተዋችሁት ቺፑ ሲነቃ ቮልቴጁ ይወድቅና መነሳት ያቅተዋል። እኔ አቃጠልኩት ብዬ ግማሽ ቀን አዝኛለሁ።

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ንጋት ላይ፣ ብርዱ ሲጠና፣ ሬዲዮው ሊናገር ሲል ቺፑ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ሬዲዮው ሲጮህ ለቅጽበት ከ200 ሚሊአምፔር በላይ ይፈልጋል፣ የአዲሱ ሬጉሌተር አቅም ደግሞ 250 ነው፣ የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ይሰንፋል። ጥቂት ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በቅጽበት የሚሰጥ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አጠገቡ በየድኩ። ከዚያ ወዲህ አልተደገመም።

ሌላው ሌላው ሠርቷል፣ የሚወራ የለውም። ኢኤስፒ-ናው የሚባለው የቺፑ የመነጋገሪያ ዘዴ ግን አስደስቶኛል፤ ሁለቱ ቦርዶች ራውተር ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ ይነጋገራሉ። መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲጠፋም ወሬው ይደርሳል። የታችኛው ቦርድ በፓወር ባንክ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ተቆጭተሃል ወይ ብትሉኝ፣ በቺፑ አልቆጭም። ነገም እሱኑ እገዛለሁ። በቦርዱ ግን እስካሁን ይቆጨኛል፣ በተለይ ቅዳሜ ጠዋት። የኛ ቤት ባትሪ ከጥር ወዲህ አልተነካም፤ ትናንት ስለካው 3.9 ቮልት ነው።

ከተሸጡት አምስቱን ቀይሬያለሁ። ስድስተኛው ቤት አሮጌው ቦርድ ከነቀይ መብራቱ አሁንም እዚያው ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ «ምን አስቸኮለህ ልጄ» ይሉኛል። ቅዳሜ መሰላሌን ተሸክሜ ስደርስ ቡናው ቀርቦ ይጠብቀኛል፤ አዲሱ ከተገጠመ እንደምጠፋ ገብቷቸዋል።