ሌዘር እምቢ ያለቻችሁን የስፌት መኪና ለጋሼ ሳታሳዩ እንዳትሸጡ

ቤት ውስጥ በተራ የስፌት መኪና ቦርሳ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህ ለእናንተ ነው። መኪናችሁ ሌዘር ሲነካ ክር የሚበጥስ፣ ስፌት የሚዘል ከሆነ እባካችሁ አንብቡኝ። መርካቶ ውስጥ፣ ከአንዋር መስጊድ ብዙ ሳይርቅ፣ የስፌት መኪና የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ሌላ ምን እላለሁ?

የእኔ መኪና የእናቴ ጥቁር ሲንጀር ናት። እማዬ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋችባት ነው እኛን ያሳደገችን። ድሮ በእግር ነበር የምትዘወረው፤ በኋላ ሞተር ተገጠመላት። ማታ ተኝተን ድምጿን እንሰማ ነበር። ድምጿ ከቆመ እማዬ ሥራ ጨረሰች ማለት ነው፣ ያኔ ነው እኛም ደህና እንቅልፍ የሚወስደን። እማዬ ዓይኗ ሲደክም መኪናዋን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ወደ ቦርሳ ሥራ ገባሁ። አቅም ላለው በበግ ሌዘር፣ ለሌላው በአርቴፊሻል።

ለጥር ሰርግ የሚዜዎች ቦርሳ ታዘዝኩ። ቀብድም ተቀበልኩ። ልክ ሌዘሩን ማስገባት ስጀምር መኪናዋ እምቢ አለች። ሁለት ስፌት ትሰፋለች፣ ሦስተኛውን ትዘላለች። ክሩ ከሥር ይተበተባል። አርቴፊሻሉ ደግሞ ከላይ ከሚጫነው የመኪናዋ እግር ሥር ተጣብቆ ንቅንቅ አይልም። ጨርቅ ሳስገባላት ግን ምንም አትል!

ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። የመጀመሪያው ጠጋኝ መኪናዋን ገና ከታክሲ ሳላወርዳት «ይቺ ሞታለች፣ ለብረት ሽጫት» አለኝ። የእናቴን መኪና! ሌላው ሳምንት ሙሉ «ነገ ነይ» ሲለኝ ከርሞ፣ ዕቃ ቀየርኩ ብሎ ደህና ብር ተቀብሎኝ፣ ቤት ስደርስ ጭራሽ ጨርቁንም መዝለል ጀመረች። ተመልሼ ብጠይቀው «እኔ ስሰጥሽ ደህና ነበረች» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። አንዱማ መኪናዋን ሳይነካ «የሴት ልጅ ሥራ አይደለም፣ ሌዘሩን ለወንዶቹ ተይላቸው» አለኝ። ማንንም በስም አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። ግን ያን ቀን ያለቀስኩትን አልረሳውም። የሰርግ ቀን ደግሞ ለማንም አይጠብቅም።

ጋሼን የጠቆሙኝ ክር የምገዛበት ሱቅ ያሉ እናት ናቸው። ስልክ ስደውልላቸው ጋሼ ስለ መኪናዋ ምንም አልጠየቁኝም። «የምትሰፊውን ሌዘር ቁራጭ ይዘሽ ነይ፣ ክርሽንም እንዳትረሺ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ በፊት ማንም ሌዘሩን ልይ ብሎኝ አያውቅም።

ስደርስ መጀመሪያ ቁራጩን ተቀበሉኝ። በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት፣ አጥፈው አዩት። «የደጋ በግ ነው። ስስ ነው ግን ጠንካራ፣ ፈረንጅ ለጓንት የሚፈልገው ይሄን ነው። መኪናሽ ትችለዋለች» አሉኝ። ከዚያ መርፌውን ነቅለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ጎተቱት። ጥፍራቸው ላይ ቀጭን ጭረት ወጣ። ለእኔም አሳዩኝ። «አየሽ ልጄ፣ ጫፉ ታጥፏል። ደግሞም የጨርቅ መርፌ ነው የገጠሙልሽ» አሉ። ያ ዕቃ ቀየርኩ ያለኝ ሰው የገጠመው መርፌ ነው እንግዲህ።

ከመሳቢያቸው የሌዘር መርፌ አወጡ። ጫፉ ስለት አለው፣ ቆዳውን እየቆረጠ ነው የሚገባው። ለስሱ በግ ቁጥር 14፣ ተደርቦ ሲወፍር ቁጥር 16 አሉኝ። ከዚያ ከሥር በኩል ከፍተው የሆነ ነገር ፈትተው ነካ ነካ አደረጉ። እሱን አልገባኝም፣ ልገልጽላችሁም አልችልም። ብቻ «ቢስሚላህ» ብለው ጎማዋን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት፣ መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ ክሩን ያዘ። አንድም አልዘለለም!

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከወንበራቸው ተነሡና «ነይ ቁጭ በይ፣ አንቺ ስፊው» አሉኝ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ! አንዱ ሲያጉረመርም «ልጅቷ ሥራዋ ቆሞባታል፣ ታገስ» አሉት። አጠገቤ ቆመው አንድ በአንድ አሳዩኝ። ስፌቱ ሰፋ ይበል፣ ከሦስት ሚሊሜትር አይነስ፤ ስፌት ከተጠጋጋ ሌዘሩ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። በስፒል አትያዢው፣ ቀዳዳው አይጠፋም፤ የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። ክሩ የጥጥ አይሁን፣ ፖሊስተር ይሁን። ጫፍ ላይ ስትደርሺ ወደ ኋላ መልሰሽ አትስፊ፣ ክሩን በእጅሽ ቋጥሪው። ለአርቴፊሻሉ ደግሞ ከላዩ ስስ ወረቀት ጣል አድርገው አሰፉኝ፣ ሲያልቅ ወረቀቱን ቀደው አወጡት። ያ ሁሉ መጣበቅ በአንድ ወረቀት ቀረ! በጋለ ካውያ እንዳልነካውም አስጠነቀቁኝ፣ ይቀልጣል።

ሐቀኝነታቸውን ደግሞ ስሙ። የቦርሳውን ማንጠልጠያ ከወፍራም የበሬ ሌዘር ነበር የቆረጥኩት። አይተው «ይሄን ለዚች መኪና አታሸክሚያት፣ ትጎጂያታለሽ። ጫማ ሰፊ ጋ ውሰጂው» አሉኝ። «አዲስ መኪና ግዢ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም።

ሒሳብ ስጠይቅ የመርፌዎቹን ብቻ ተቀበሉ። «የእጅዎስ?» ብላቸው «ቦርሳውን ስትጨርሺ አሳዪኝ፣ እሱ ይበቃኛል» አሉ። በግድ ነው ትንሽ ያስጨበጥኳቸው። ቦርሳዎቹ ለሰርጉ ደረሱ። አንዱን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው፤ ገልብጠው መጀመሪያ ያዩት የውስጡን ስፌት ነው። «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። እማዬም ስነግራት ስማቸውን ጠይቃ በጸሎቷ አስገብታቸዋለች።

ስለዚህ እባካችሁ፣ መኪናችሁን ለብረት ከመሸጣችሁ በፊት፣ አዲስ ለመግዛት ዕቁብ ከመጣላችሁ በፊት ጋሼ ጋ ሂዱ። እንደሳቸው ያለ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። የምትሰፉትን ሌዘርና ክር ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳያዩት አይጀምሩም። አርብ ለጁምዓ ዘግተው ስለሚወጡ ጠዋት ድረሱ። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ ስልክ ላይ ጮክ በሉላቸው። ደግሞ ዋጋ አትከራከሯቸው፣ እንዲያውም ጨምራችሁ ስጧቸው። ቁጥራቸውን እዚህ አደባባይ ላይ አላወጣውም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው ፈቅደዋል፣ እልክላችኋለሁ።